«ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

ጥያቄው አጭር ነበር። የጠየቁኝ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጭራ ይዘው፣ ከአንድ ያረጀ ወይራ ሥር ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ።

እኔ ደግሞ መልስ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቴ የተቀበሩት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የፋርጣ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። መቃብራቸውን ልፈልግ ነበር የሄድኩት። ስለ ሰውየው የማውቀውን ሁሉ ለቄሱ ደረደርኩላቸው። የዓለም ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኳቸው። ጣልያን ሲወጣ በሕይወት እንደነበሩ፣ ቀይ እንደነበሩ፣ አንድ እግራቸውን እንደሚያነክሱ ሳይቀር ነገርኳቸው። ቄሱ በትዕግሥት አዳመጡኝና «እሱስ ደግ፤ ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» አሉኝ። ለካ እኔ የደረደርኩት ሁሉ ለቤተ ክርስቲያኗ ምኗም አይደለም። እሷ ሙታኖቿን የምታውቃቸው በሌላ ስም ነው።

ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ከተማዋ ላውራችሁ፤ ያለ እሷ ጥያቄው አይገባምና።

የቤተ መንግሥቶች አገር፣ ቤተ መንግሥት የሌለባት

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት አልፎ ሰው ከበዓል ድካም ያላገገመበት ሰሞን። ከአክስቴ ጋር ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሣን። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ የፎገራን ሜዳ ከኋላችን ትተን፣ ዳገቱን ተያያዝነው። ከጣና ዳር ሙቀት ወጥታችሁ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትደርሱ ጃኬት ያልያዘ ሰው ወዲያው ይታወቃል። (እኔ አልያዝኩም ነበር። አክስቴ በበኩሏ ጋቢ ይዛለች። ከተሜነት እንዲህ ነው።) ከከተማዋ ባሻገር የጉና ተራራ ይታያል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን ስለ ደብረ ታቦር የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቡሄ፣ ሁለተኛው ሴባስቶፖል። ቡሄ የሆነው በስሟ ነው፤ የበዓሉ ስምና የከተማዋ ስም አንድ ነውና። ሴባስቶፖል ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሞ ስለምናየው። በመካከሉ ያለውን መቶ ዓመት ግን ዘለነዋል።

ይህች ከተማ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በዘመነ መሳፍንት፣ የአገሪቱ እውነተኛ ሥልጣን መቀመጫ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ተቀምጦ ስሙ ይጠራል፤ የሚያዘው ግን የየጁው ራስ ነው፤ ራሱም ያለው ደብረ ታቦር ነው። ራስ ጉግሣ መርሳ እስኪሞቱ፣ እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚህ ሆነው ገዙ። ከልጆቻቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ አሉላ (ዳግማዊ አሊ የምንላቸው) ተተኩ። በ1834 ዓ.ም. የትግሬና የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ራስ አሊን ሊያወርዱ መጥተው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ተዋጉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ውቤ አሸንፈው ነበር፤ ራስ አሊም ሸሽተው ነበር። ነገር ግን የውቤ ሠራዊት ለድሉ ሲጠጣና ሲጨፍር የአሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደረሱባቸውና አሸናፊውን ከነልጃቸው ማረኳቸው። ጠዋት ያሸነፈ ማታ የታሰረበት ጦርነት ነው። ዘመነ መሳፍንትን በአንድ ቀን ማጠቃለል ካስፈለገ ከዚህ የተሻለ ቀን ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ካሣ ኃይሉ መጡ። ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፉ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ደብረ ታቦርንም ዋና መቀመጫቸው አደረጓት። ከከተማዋ ብዙ በማትርቀው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ብረት አቅላጮች ሆነው አረፉት። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው።

ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ያን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማቸውን በእሳት አቃጥለው ሄዱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎንደርን አቃጥለዋል። መድፉ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ አንድ ወር እንኳ በቅጡ አልኖሩም፤ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ገደሉ።

ደብረ ታቦር ግን አመድ ሆና አልቀረችም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መልሰው መቀመጫ አደረጓት። ጥቅምት 1872 ዓ.ም. የግብፁ ከዲቭ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደን ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው እዚህ ነው። ከዚያም ዘመን አልፎ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድርን ገዙ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም ላይ፣ አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ በጣለበት ጦርነት፣ ሲዋጉ ወደቁ። ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር የሄድኩት። ሚኒባሱ እንዳወረደን አንዱን የከተማው ልጅ «ቤተ መንግሥቱ የት ነው?» አልኩት።

«የማን?» አለኝ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የማን? የራስ ጉግሣ? የራስ አሊ? የቴዎድሮስ? የዮሐንስ? አንዱ የሠራውን ሌላው አቃጥሎት፣ ቀሪውን ዝናብ ጨርሶት፣ የተረፈውን ድንጋይ ሰው ለአጥሩ ወስዶት፣ ዛሬ ጎንደር እንደምናየው ያለ ግንብ ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ልጁ ግራ መጋባቴን አይቶ ኮረብታውን አሳየኝ። «ኢየሱስን ሳታይ እንዳትሄድ» አለኝ።

ከግንብ የጠና ነገር

ደብረ ታቦር ኢየሱስ ከተማዋን ቁልቁል እያየ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ያሠሩት ራስ አሊ እንደሆኑ ይነገራል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ራስ አሊ ትውልዳቸው ከየጁ ነው፤ ቤተሰባቸው ከእስልምና የመጣ ነው እየተባለ ጠላቶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያሟቸው ኖረዋል። የእኒህ ሰው ግንብ ጠፍቶ ስማቸው የሚነሣው በቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው።

ቀልደኛ ካልን አይቀር፣ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ዝና ምክንያት የሆኑት ሰውም ቀልደኛ ናቸው። አለቃ ገብረ ሐና! አዎ፣ እኒያው። በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው የፎገራው ናበጋ ሰው በዘመናቸው የተከበሩ ሊቅ ነበሩ። እንደሚተረከው ከሆነ የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት ፈጠሩ። ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ነፋስ እንደሚነካው ደንገል፣ የሚወዛወዙበትን ማለት ነው። የጎንደር ሊቃውንት ግን «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብለው አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ይዞት ወደ ደብረ ታቦር መጣ። እዚህ ሥር ሰደደ፤ የፈጣሪው ስም ቀርቶ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። ዛሬም በዚህ ስልት መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው የሚያስመሰክረው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው።

እኔና አክስቴ የደረስን ጊዜ ጥቂት የአብነት ተማሪዎች የኔታን ከበው ይማሩ ነበር። አንዱ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት የማይበልጠው፣ ሰውነቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል ተሳሳተና የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ቆረቆሩ። ልጁ እንደገና ጀመረ። እንደገና ተሳሳተ። እንደገና ጀመረ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። በዚህች ከተማ ንጉሥ ያሠራው ተቃጥሏል። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካከማቿቸው የብራና መጻሕፍት በመቶ የሚቆጠሩት ዛሬ ያሉት ለንደን፣ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከጎንደር ውድቅ ተደርጎ የመጣ አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ ግን፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ እዚህ ልጅ ትከሻ ላይ ደርሷል። የሚቃጠል ነገር ስላልነበረው አልተቃጠለም፤ የሚጫን ነገር ስላልነበረው በዝሆን ተጭኖ አልሄደም።

ጽሕፈት የሌለው መቃብር

በማግስቱ ነው ወደ ቅድመ አያቴ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው። ከሩቅ የምትታየው ዛፏ ነው። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ሆኖ በመሐሉ እንደ ደሴት ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ካያችሁ እሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያው ይኸው ነው። ወይራውም፣ ጽዱም፣ ኮሶውም የተረፈው ሙታን ስለሚጠብቁት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከመቃብር ላይ ማን ዛፍ ይቆርጣል?

መቃብሮቹ ከዛፎቹ ሥር ናቸው። እኔ የጠበቅሁት ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ምናልባትም ፎቶ ያለበት የሲሚንቶ ሐውልት ነበር። እንዲህ ያሉ ጥቂት አሉ፤ ሁሉም የቅርብ ጊዜ ናቸው። የቀረው የድንጋይ ክምር ነው። ረጅም ክምር፣ አጭር ክምር (የልጅ መሆኑ ነው)፣ ሣር የበላው ክምር፣ ክምር መሆኑ እንኳ የማይለይ ክምር። ቄሱ እየመሩን ሥርዓቱን ነገሩን። ካህናቱ ወደ ቤተ መቅደሱ ጠጋ ብለው ይቀበራሉ። ሙታኑ ራሳቸው ወደ ምዕራብ ሆኖ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ይተኛሉ፤ በትንሣኤ ሲነሡ ጌታን ፊት ለፊት እንዲያዩት።

«ታዲያ ማን የት እንዳለ እንዴት ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

«እንጸልያለና!» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር መጠየቄ እየገረማቸው።

አሁን እንደገባኝ ላስረዳችሁ። እኛ ከተሜዎች መቃብር ማለት የምንጎበኘው ቦታ ይመስለናል። እዚህ ግን መቃብሩ ሥጋው ያረፈበት ብቻ ነው፤ ሰውየው የሚታሰበው በስሙ ነው። ፍትሐት ይደረግለታል። ከዚያ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እየተባለ በክርስትና ስሙ ይጠራል። ለዚህ የተለየ ዜማ አለው፤ መዋሥዕት ይባላል። ከቅዱስ ያሬድ አምስት የዜማ መጻሕፍት አንዱ ነው። ትርጉሙ «ምላሾች» ማለት ነው፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ይመልሳልና። የዚህ ዜማ ዋና ትምህርት ቤት ያለው ሌላ አገር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ዙር አምባ ላይ ነው። ያሬድ ራሱ የደረሰው እዚያ ነው ይባላል። ዋናው የድጓ ትምህርት ቤት ቤተልሔምም ያለው እዚያው ጋይንት ነው። ሙታኑን በድንጋይ ላይ ያልጻፈ አገር በዜማ የሚያስብበትን ትምህርት ቤት ሲያቆም ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ስል ግን ነገሩን ጽድቅ ብቻ እንዳላስመስለው እሰጋለሁ። ተዝካር ወጪ ነው። ሀብታም ሲሞት አገር ይበላለታል፤ ድሃ ሲሞት ልጆቹ በሬ ሸጠው ዕዳ ይገባሉ፣ ወይም ነገሩ በፍትሐት ብቻ ያልፋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ ከብቱም ሰውም ባለቀ ጊዜ፣ ለማን ሠልስት ወጣ? ማንስ ቀባሪ ነበረው? ዜማው የሚያስታውሰው ስሙን የሚሰጠው ሰው ያለውን ብቻ ነው። ስሙን የሚነግርለት ዘመድ ያጣ ሰው፣ መቃብሩም ክምር፣ ስሙም ዝምታ ይሆናል።

እዚያ ክምር መሐል ቆሜ ሳስብ ትዝ ያለኝ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ ነው። ከመቅደላ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ፣ እንግሊዝ አገር አድጎ፣ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ያ ማለት ጎርደን ደብረ ታቦር ላይ አፄ ዮሐንስን ካነጋገረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የተቀበረው ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። እሱ በጽሑፍ የሚታወቅ መታሰቢያ አለው። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲጠየቅ ቆይቶ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ የሰጠው መልስ «አጠገቡ ያረፉትን ሳንነካ ማውጣት አንችልም» የሚል ነበር።

ልዩነቱን አያችሁት? የንጉሡ ልጅ የተጻፈ ስም አለው፤ በዙሪያው ግን መዋሥዕት የሚያውቅ ሰው የለም። ቅድመ አያቴ የተጻፈ ስም የላቸውም፤ በዙሪያቸው ግን መዋሥዕት ሞልቷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እኔ ማወቅ የነበረብኝ ነገር።

ስልኩ

እንግዲህ ወደ ወይራው ሥር ተመለስን። «ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

አክስቴን አየኋት። አክስቴ መሬት መሬት አየች። እሷም አታውቅም። አባቷ ሳይነግሯት ሞተዋል፤ እሷም አልጠየቀችም። ሦስት ትውልድ የወለዱ ሰው ናቸው፤ ስማቸው ግን ሁለት ዘመዶቻቸው መሐል ወድቆ ጠፍቷል።

ከዚያ አክስቴ አንድ ሰው ትዝ አላት። የአባቷ ታናሽ እኅት፣ ዘጠና ዓመት የተጠጉ፣ ባሕር ዳር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ። ኔትወርክ ፍለጋ ከዛፎቹ ውጪ ወጥተን፣ ማሳው ዳር ካብ ላይ ቆመን ደወልን። ጆሯቸው ስለደከመ አክስቴ ትጮኻለች። «እታባ! የአባባ ክርስትና ስም! የአ-ባ-ባ!» ከብት የሚጠብቁ ልጆች ተሰብስበው ይስቁብናል።

ወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ እኒያ እናት፣ ትናንት የተመገቡትን እንኳ የሚረሱት፣ ያለ አንዳች ማመንታት ስሙን ጠሩት። ጠርተውም አልቀሩ፤ «ምነው አሁን ጠየቃችሁ?» ብለው አለቀሱ። የአባታቸውን ስም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለእኛ ይቅር።

ቄሱ ስሙን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መቃብሩን አላወቁትም። «ከዚህ ወይራ እስከዚያ ጽድ ድረስ የእናንተ ወገን ነው» አሉና በእጃቸው አሳዩን፤ ምናልባት ሃያ ክምር አለበት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ክምር ፊት ቆመው በስማቸው ጸለዩላቸው። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። እኔ ሳላውቃቸው ለሞቱ ሰው ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ ገረመኝ።

እኒያ የባሕር ዳሯ እናት በቀጣዩ ዓመት ዐረፉ። ስልኩ አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ስሙ ከእሳቸው ጋር ተቀብሮ ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ጉና ግርጌ ደረሰ፤ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች በቤታቸው ሞቱ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ፣ ያ ከወረታ ሽቅብ የሄድንበት መንገድ እንደ ልብ የሚሄዱበት አልሆነም። በዚያ አገር አዳዲስ መቃብር በዝቷል። ከወይራው ሥር ያገኘኋቸው ቄስ ዛሬ ስንት አዲስ ስም ይዘው እንደሚጸልዩ አስባለሁ። ስሙን የሚነግራቸው ሰው ያላገኙለት ስንት እንዳለም አስባለሁ።

እኔ ከዚያ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት የግንብ ፎቶ አይደለም። አንድ ስም ነው። እሱንም ለእኅቴ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ፤ ትንሿ በቃሏ ይዛዋለች።

የእናንተ አያት በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። ስለ ጤናቸው ከጠየቃችሁ በኋላ የአባታቸውን ክርስትና ስም ጠይቋቸው። ምናልባት እሳቸውንም እስከ ዛሬ ሰው ጠይቋቸው አያውቅ ይሆናል።